ከሐረጎ ቁልቁለት እስከ ጦሳ ግርጌ፦ የጂኦሎጂ ወዳጆች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከአካባቢያቸው የደረሱን ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች በትምህርት ቤት ወይም በሰፈር የጂኦሎጂ ወዳጆች ስብስብ የጀመሩ ወይም ሊጀምሩ ያሰቡ ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በአንድ ላይ ጠቅለል አድርገናል።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ደረጃ የምናስተምር መምህራን ነን። ከተማሪዎችና ከሰፈር ወጣቶች ጋር ሆነን 20 ያህል ሰው ያለው የጂኦሎጂ ወዳጆች ስብስብ ልንጀምር አስበናል። ከመካከላችን ጂኦሎጂ የተማረ የለም። ምን ምን ዕቃ ያስፈልገናል? ሥራውንስ እንዴት እንከፋፈል? (ደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ መጀመሪያ የሚገዛው ዕቃ ደብተር ነው። ጀማሪ ስብስብ ብዙ ጊዜ የሚዳከመው ድንጋይ እየለቀመ የተነሣበትን ቦታ ሳይጽፍ ሲቀር ነው። ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ጆንያ ድንጋይ ይኖራል፤ የትኛው ከገራዶ፣ የትኛው ከቦሩ ሜዳ እንደመጣ የሚያውቅ ግን አይገኝም። እንዲህ ያለው ጆንያ ለግንብ መሙያ ካልሆነ በቀር አይጠቅምም። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ጠንካራ ሽፋን ያለው ትንሽ ደብተርና እርሳስ ይያዝ። የእስክሪብቶ ቀለም ዝናብ ሲነካው ይፈሳል፤ እርሳስ ግን ይቆያል።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር ነው። ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙት ዓይነት፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል፤ 4 ወይም 5 ካላችሁ ለ20 ሰው ይዳረሳል። አያያዙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ መነጽሩን ድንጋዩ ላይ ደፍቶ ከላይ ሆኖ ያያል። መነጽሩ ዓይን ሥር ይጠጋ፤ ከዚያ ድንጋዩ ወደ መነጽሩ ይቅረብ። በመካከላቸው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀር ምስሉ ይጠራል። ፀሐይዋ ድንጋዩን እንድትመታ ፊታችሁን አዙሩ፤ በጥላ ውስጥ የታየ ድንጋይ ሁሉ ጥቁር ይመስላል።

መዶሻ 3 ይበቃችኋል። የአናጢ መዶሻ ግን አይሁን፤ ጥቁር ድንጋይ ሲመታበት ጠርዙ እየተሸረፈ የብረት ስንጣሪ ይወረውራል። ከ700 ግራም እስከ 1 ኪሎ የሚመዝን የግንበኛ መዶሻ ይሻላል። መቺው ብረት ቤት ሠራተኞች የሚያደርጉትን ነጭ የዓይን መከላከያ ያድርግ፤ ሌላው ሰው ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። መዶሻን በመዶሻ መምታት ፈጽሞ አይፈቀድ፤ ዓይን የሚያጠፋው እሱ ነው። የሚመታውም ከገደሉ ሥር ወድቆ የተገኘ ድንጋይ ይሁን። ዓላማው አየርና ውኃ ያልነካውን ትኩስ ገጽ ማየት ስለሆነ የግማሽ ቡጢ ያህል ናሙና በቂ ነው።

በአንድ ትንሽ ቦርሳ ደግሞ እነዚህን ያዙ፦ ጀርባው ያልተቀባ የሴራሚክ ስባሪ፣ ምስማር፣ የመዳብ ሽቦ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተሸፈነ የመስታወት ቁራጭ፣ ማግኔት፣ አቼቶ በማንጠባጠቢያ ጠርሙስ፣ 5 ሜትር የሚለካ ሜትር፣ መሐሉ ላይ ክርና ትንሽ ክብደት የታሰረበት ፕሮትራክተር፣ ናሙና መጠቅለያ ጋዜጣ። የመጨረሻው ለሁለት ነገር ይጠቅማል፤ ናሙናዎቹ እርስ በርስ እንዳይፋጩ ይከላከላል፣ ዳር ዳሩም ላይ ቁጥር ይጻፍበታል።

በወር አንድ ቀን በክፍል፣ አንድ ቀን በሜዳ ብታደርጉት ሥራው ሳይከብድ ይቀጥላል። ሜዳ ስትወጡ በአንድ መሪ ሥር ከ10 ሰው በላይ አይሁን። ከኋላ የሚቀር አንድ ሰው አስቀድማችሁ መድቡ፤ እሱ ከመጨረሻው ተማሪ ቀድሞ አይራመድም። መዝጋቢውም ሌላ ሰው ይሁን፤ መሪው ሲያስረዳ መጻፍ አይችልምና።

ከመውጣታችሁ በፊት ለምትሄዱበት ቀበሌ ደብዳቤ አስገቡ፤ ቅጂውንም ያዙ። መዶሻና ካርታ ይዞ ገደል ለገደል የሚሄድ እንግዳ ገበሬውን ቢያሳስበው አይፈረድበትም። በማሳ ውስጥ ከማለፋችሁ በፊትም ባለቤቱን አስፈቅዱ። አካባቢው በ2014 ዓ.ም ጦርነት ያየ ስለሆነ ከፍታ ቦታዎችና የተቆፈሩ ምሽጎች አጠገብ መሬት አትጫሩ። ያልታወቀ ብረት ካያችሁ ሳትነኩ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱና ለፖሊስ ንገሩ። ይህን በየጉዞው መጀመሪያ ለልጆቹ በቃል ማስታወስ የመሪው ግዴታ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ተነሥተን እስከ ደሴ በአንድ ቀን ምን ማየት እንችላለን? መንገዱን በየሳምንቱ እንመላለስበታለን፤ ድንጋዩ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ሆኖብናል። (ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ)

መልስ፦ ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ከ2,450 ሜትር በላይ። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ያ ከፍታ የተገነባው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬት ተሰንጥቆ ሜዳ ለሜዳ በፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ ነው። አንዱ ፍሰት ሲረጋ ሌላው በላዩ እየመጣ በወሎና በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ በመቶዎች፣ በአንዳንድ ቦታ ከሺህ ሜትር በላይ ውፍረት ተከማችቷል። ስለዚህ ሁሉም ጥቁር መምሰሉ አያስገርምም፤ አብዛኛው ባዛልት ነው። ሥራችሁ ፍሰቱን ከፍሰት መለየት ይሆናል።

አንድን ፍሰት ከታች ወደ ላይ ተመልከቱት። ግርጌው ደቃቅና የተሰባበረ ነው። መሐሉ ጠጣርና ከባድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በቋሚ ስንጥቆች ተከፋፍሎ ባለ ብዙ ማዕዘን ዓምድ ይሠራል። አናቱ ጋዝ ሲወጣ በተፈጠሩ ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነው። በሁለት ፍሰቶች መካከል አንዳንድ ጊዜ ጡብ የመሰለ ቀይ ንብርብር ታያላችሁ። ይህ ቀጣዩ ፍሰት እስኪመጣ ድረስ በቆየው ጊዜ የተፈጠረ ጥንታዊ አፈር ሲሆን፣ ከላዩ የመጣው ትኩስ ፍሰት አቃጥሎታል። ቀይ ንብርብሩ ወፍራም ከሆነ በሁለቱ ፍሰቶች መካከል ረጅም ዕረፍት እንደነበረ ይጠቁማል። አንድ ሙሉ ፍሰት በትክክል ከለያችሁ የቀረው መንገድ ይነበባል።

ውፍረቱን ለመለካት ገደል መውጣት አያስፈልግም። የአንድ አባል ቁመት ከእግር እስከ ዓይን ይለካ፤ 1.5 ሜትር ነው እንበል። ግርጌው ላይ ቆሞ ውኃ ልክ ይዞ ቀጥ ብሎ በአግድም ያያል፤ ዓይኑ ያረፈበትን ነጥብ ይለይና ወደዚያ ወጥቶ ደግሞ ያያል። 8 ጊዜ ከደጋገመ 12 ሜትር ወጥቷል ማለት ነው። ስሕተት የሚመጣው ዓይን ወደ ላይ ሲያዘነብል ነው፤ ውኃ ልኩ የሚያዘው ለዚህ ነው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነጥብ ጋ ደርሰናል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎ ዳገት ስትወጡ ሁልጊዜ ከአሮጌ ፍሰት ወደ አዲስ ፍሰት እየወጣችሁ አይደለም። አካባቢው የአፋር ዝቅታ ምዕራባዊ ጠርዝ ነው፤ መሬቱ በስምጥ ምክንያት ተሰባብሮ በየደረጃው ወርዷል። አንድ ፍሰት ከታችም ከላይም ሊገኝ ይችላል። ደሴ ራሷ በምዕራብ ጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ይዘዋት በወረደ መሬት ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከኮምቦልቻ በኩል ያለው የቦርከና ሸለቆም በዚሁ ዓይነት ስብራት የወረደ ነው። ስብራት ያለበትን ቦታ በነዚህ ለዩት፦ ንብርብሩ በድንገት ተቆርጦ ማዶው ሌላ ዓይነት ድንጋይ ሲሆን፣ ድንጋዩ ተፈጭቶ በሸክላና በስባሪ የተሞላ ቀጥ ያለ ቀበቶ ሲታይ፣ ወይም የለሰለሰና አቅጣጫ ባለው ጭረት የተሰመረ ገጽ ሲገኝ። ጭረቱ የትኛው ጎን በየት በኩል እንደተንሸራተተ ይናገራል፤ ጣታችሁን በጭረቱ አቅጣጫ አስኪዱና ደብተር ላይ በቀስት ሣሉት።

ዓምዶቹም ይመሰክራሉ። ዓምድ የሚፈጠረው ፍሰቱ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ሲሰነጠቅ ስለሆነ፣ ከቀዘቀዘው ገጽ ጋር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፍሰቱ አግድም ተኝቶ ከነበረ ዓምዱ ወደ ላይ ይቆማል። ዓምዱ 15 ወይም 20 ዲግሪ ካዘነበለ መሬቱ ከነድንጋዩ ማዘንበሉን ጠርጥሩ፤ በፕሮትራክተሩና በክሩ ለክታችሁ ጻፉ። ዓምዶቹ እንደ ተከመረ ማገዶ አግድም ከተደረደሩ ግን ፍሰት ላይሆን ይችላል፤ ቅልጥ ድንጋይ በስንጥቅ ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ እዚያው የረጋበት ቦታ ነው።

ስለ ደኅንነት አጥብቀን የምንለው አለ። ሐረጎ ጠመዝማዛ ነው፤ ከባድ መኪና ይበዛበታል። ኩርባ ላይ በፍጹም አትቁሙ። ሚኒባሱ ሰፊ የመንገድ ዳር ባለበት ያውርዳችሁ፤ መንገዱን በቡድን አታቋርጡ፤ የሚያንጸባርቅ ሰደሪያ ለመሪውና ለኋለኛው ይኑር። ከዝናብ ማግስት ከተቆረጠ ገደል ሥር መቆም ክልክል ነው፤ ውኃ የገባበት ስንጥቅ ድንጋይ የሚለቀው ያን ጊዜ ነው። ጥሩው ወቅት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው፤ ክረምቱ ግድግዳውን አጥቦ ንጹሕ ያደርገዋል፣ በልግም ገና አልገባም።

ጥያቄ፦ በስልካችን የመዘገብነው ቦታ በወረቀት ካርታው ላይ ስናስቀምጠው ገደል ውስጥ ይወድቃል። ስልኩ ነው ካርታው የተሳሳተው? (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ መነሻቸው ነው የተለያየው። የኢትዮጵያ የ1:50,000 የድሮ ካርታዎች «አዲንዳን» በሚባል የልኬት መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ ስልክ ደግሞ «ደብሊው ጂ ኤስ 84» የተባለውን ይጠቀማል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በኛ አካባቢ ከ200 ሜትር ይበልጣል። በካርታው ላይ ይህ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከገደል አፋፍ ወደ ገደል ውስጥ ለማስገባት ይበቃል። ስልኩ ላይ የካርታ መተግበሪያ ካለ ከቅንብሩ ውስጥ አዲንዳንን፣ ዞን 37ን ምረጡ። ይህ ከሌለ አንድ የታወቀ ድልድይ ወይም መገንጠያ ላይ ቆማችሁ ልዩነቱን ለኩና ለሌሎቹ ነጥቦች በዚያው መጠን አስተካክሉ። እንደ ዶሮ መዝለያ ባለ ጠባብ ገደል ውስጥ ስልኩ ሰማይ ስለማያይ የበለጠ ይሳሳታል። ከፍታን ደግሞ ከስልክ ሳይሆን ከካርታው መስመሮች አንብቡ።

ኮምፓስ ሌላ ችግር አለው። ባዛልት ውስጥ ማግኔታይት አለ፤ መርፌው ድንጋዩን ሲጠጋ ያዘነብላል። ከድንጋዩ 1 ሜትር ርቃችሁ በዓይን አነጣጥሩ። በተራራ አናት መብረቅ የመታው ድንጋይ ደግሞ መርፌውን ጨርሶ ሊያዞረው ይችላል። ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን ካለ አውልቁት።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጥቁር ድንጋይ ስንሰብር ቀዳዳው ውስጥ ነጭና የሚያብለጨልጭ ነገር አገኘን። ጓደኞቼ አልማዝ ነው ይላሉ። እንዴት ላረጋግጥ? (ኩታበር)

መልስ፦ አልማዝ አይደለም፤ ይሁን እንጂ መመርመር የሚገባው ነገር ነው። ቅልጡ ድንጋይ ሲረጋ ጋዝ ትቶት የሄደውን ቀዳዳ በኋላ የመጣ ሙቅ ውኃ ማዕድን እያስቀመጠ ይሞላዋል። በአካባቢህ ባዛልት ውስጥ የሚጠበቁት ሦስት ናቸው፦ ዚዮላይት፣ ካልሳይትና ኳርትዝ ወይም የሱ ወገን የሆነው ካልሴደኒ።

መጀመሪያ መስታወቱን ጫርበት። ጉልህ ጭረት ከተወ ኳርትዝ ወይም ካልሴደኒ ነው። ጭረቱን በጣት ጥረገው፤ ከጠፋ ጭረት አልነበረም፣ የማዕድኑ ዱቄት ነው። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይታለላል። መስታወት ካልጫረ በምስማር ጫረው፤ በቀላሉ ከተጫረ ያንኑ ዱቄት ሰብስበህ አንድ ጠብታ አቼቶ ጣልበት። ቢፈላ ካልሳይት ነው። አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ ባልተፈጨ ድንጋይ ላይ አረፋው ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ ዱቄት ላይ ይሁን፣ በአጉሊ መነጽርም እይ። ካልፈላና ከአንድ ነጥብ እንደ ጨረር የተዘረጋ ቀጭን መርፌ ወይም ሉጫ ቅርጽ ካለው ዚዮላይት ነው።

ድንጋዩን ራሱንም መመዘን ትችላለህ። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ጎድጓዳ ዕቃ አስቀምጥና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሰው። ድንጋዩን በቀጭን ክር አስረህ ወለሉንም ግድግዳውንም ሳይነካ ውኃው ውስጥ አንጠልጥለው። ሚዛኑ የሚያነበው ግራም የድንጋዩ ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ደረቅ ክብደቱ 184 ግራም፣ ውኃው ውስጥ የተነበበው 64 ከሆነ 184ን ለ64 አካፍለህ 2.88 ገደማ ታገኛለህ፤ ይህ የጠጣር ባዛልት ልክ ነው። ነጣ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ራዮላይት፣ ብዙ ጊዜ ከ2.4 እስከ 2.6 ይደርሳል። ድንጋዩ ወለሉን ከነካ ክብደቱ ይጨመራል፣ ውጤቱም ያንሳል። አረፋ ከተጣበቀበትም እንዲሁ ነው፤ በጣትህ ጠርገው። 1 ግራም በሚያነብ ሚዛን ከ100 ግራም ያነሰ ድንጋይ አትመዝን፤ ስሕተቱ ይበዛል። ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይም ለዚህ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከደላንታ የመጣ የኦፓል ቀለበት ተሰጠኝ። ልብስ ሳጥብ ውኃ ገባውና ቀለማቱ ጠፍቶ እንደ መስታወት ሆነ። ተበላሸ? ስብስባችንስ የኦፓል ጉድጓዱን ሊጎበኝ ይችላል? (ኮምቦልቻ፣ ሸሻ በር)

መልስ፦ አብሽሪ እኅታችን፣ አልተበላሸም። የደላንታ ዋና ከተማ የሆነችው የወገል ጤና ኦፓል ብዙው ውኃ የሚጠጣ ዓይነት ነው፤ በዓይን በማይታዩ ክፍተቶቹ ውኃ ሲገባ ብርሃኑ በቀላሉ ያልፋልና መስታወት ይመስላል። በንጹሕ ጨርቅ አድርቀሽ በጥላ ቦታ ተዪው። ቀጭን ከሆነ በሰዓታት፣ ወፍራም ከሆነ በቀናት ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ፀሐይ ላይ፣ ምድጃ አጠገብ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ማድረቅ ግን ይሰነጥቀዋል፤ ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ሲደርቅ ይኮማተራልና። ንጹሕ ውኃ እንደገባ ይወጣል። ዘይት፣ ቅባት፣ ሽቶና ባለ ቀለም ሳሙና ግን ከገቡ አይወጡም፤ ድንጋዩን ለዘለቄታው ያደበዝዙታል ወይም ቢጫ ያደርጉታል። ወጥ ስትሠሪ፣ ፀጉር ስትቀቢና ሂና ስትነክሪ አውልቂው። ውኃ የሚጠጣ ስለሆነ ማቅለምም ቀላል ነው፤ ደማቅ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ወይም ድፍን ጥቁር ሆኖ የሚሸጥልሽን ጠርጥሪ።

የደላንታው ኦፓል በ2000 ዓ.ም ገደማ ነው በስፋት የታወቀው። የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ አመድ በተሠራው ኢግኒምብራይት መካከል ባለ ቀጭን ንብርብር ውስጥ ነው፤ ከአመዱ በውኃ የሟሟው ሲሊካ (ኳርትዝ የሚሠራበት ንጥረ ነገር) ወርዶ እዚያ ተጠራቅሟል። ቀለሙን የሚሰጡት በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን የሲሊካ ድቡልቡሎች ብርሃኑን እየበታተኑ ነው።

ስለ ጉብኝቱ፦ ንብርብሩ ገደል መሐል ስላለ ቆፋሪዎቹ ወደ ገደሉ አግድም ዋሻ ይገባሉ፤ ብዙው ድጋፍ የለውም፣ ይደረመሳል። ፈቃድ ካለው ማኅበር ጋር በወረዳው በኩል ተነጋግራችሁ ከላይ ሆናችሁ ንብርብሩን ማየት ትችላላችሁ። ዋሻ ውስጥ መግባት ግን በማንም ግብዣ ቢሆን አይሁን፤ ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ አፉም ጋ አትድረሱ። ናሙና ከፈለጋችሁ ከማኅበሩ ግዙ። ቀለም የሌለው ርካሽ ስባሪ ለትምህርት ያው ነው።

ጥያቄ፦ ናሙናዎቻችን 60 ደርሰዋል። እንዴት እናስቀምጣቸው? አጥንት የመሰለ ድንጋይ ካገኘንስ? (ደሴ፣ ቧንቧ ውኃ)

መልስ፦ ድንጋዩ ላይ በማይታይ ጎኑ የጥፍር ቀለም ወይም ኮሬክሽን ትንሽ ቀቡ፤ ሲደርቅ በቀጭን ማርከር ቁጥር ጻፉ፤ በላዩ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ደግማችሁ ቀቡበት። በወረቀት ብቻ የተጻፈ መለያ ይጠፋል። በመዝገቡ ላይ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ ከፍታው፣ ከቋሚው ድንጋይ የተወሰደ ወይስ ወድቆ የተገኘ መሆኑና ያነሣው ሰው ስም ይጻፍ። «ወድቆ የተገኘ» የሚለውን አትዝለሉ፤ ቦርከና ወንዝ ውስጥ የተነሣ ጠጠር ከላይ ከየትም ሊመጣ ይችላል። ትንንሾቹን በእንቁላል ትሪ ደርድሩ።

አጥንት፣ ቅጠል የታተመበት ድንጋይ ወይም የተጠረበ ባልጩት ካገኛችሁ ግን አታንሡ። ከጎኑ ሜትር አስቀምጣችሁ ከቅርብና ከሩቅ ፎቶ አንሡ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ከተነሣ በኋላ ዕድሜውን የሚናገረው ንብርብር አብሮ ስለማይነሣ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ጦሳ ግርጌ ነው። ግቢው ላይም ግድግዳው ላይም ስንጥቅ ወጥቷል። ልጄ ከትምህርት ቤቱ የጂኦሎጂ ክበብ ጋር «እንለካዋለን» ይለኛል። ይህ ነገር ይጠቅማል ወይ? (አንዲት እናት፣ ደሴ)

መልስ፦ እናታችን፣ በጣም ይጠቅማል። ከሁሉም የክበብ ሥራ ይህን እናስቀድማለን። ደሴ ከጦሳና ከአዝዋ በተንከባለለ ስባሪ፣ በአፈርና በጥንት ሐይቅ ደለል ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ስባሪው ውኃ ያሳልፋል፣ ከሥሩ ያለው ሸክላ ደግሞ አያሳልፍም፤ ክረምት ሲሆን ውኃው በሁለቱ መካከል ይጠራቀምና ላይኛው ይንሸራተታል። ስንጥቅ ሁሉ ግን መንሸራተት አይደለም። መረሬ አፈር በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ይዘጋል። የጭቃ ግድግዳ ልስንም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ልዩነቱ የሚታወቀው በልኬት ነው።

ለግድግዳው ሦስት ምስማር ይበቃል፦ ሁለቱ ከስንጥቁ በአንድ ወገን አንዱ ከአንዱ በላይ፣ ሦስተኛው በማዶ። በየሳምንቱ እሑድ በሦስቱ መካከል ያለው ርቀት በካሊፐር ወይም በጥሩ ማስመሪያ እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይለካ። ሁለት ምስማር ብቻ ከሆነ ስንጥቁ መክፈቱን እንጂ ወደ ታች መውረዱን አይናገርም። በተጨማሪ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጀሶ ስንጥቁ ላይ ተለጥፎ ቀን ይጻፍበት። ከመለጠፉ በፊት ልስኑ እስከ ድንጋዩ ድረስ ተፍቆ ይርጠብ፤ አለዚያ ጀሶው ሳይሰበር ይላቀቅና ስንጥቁ የቆመ ያስመስላል። ለግቢው 60 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ የሚገባ ፌሮ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ይተከል፤ በመካከላቸው 3 ሜትር ያህል ይሁን።

የዝናብ መለኪያም ልጆቹ ይሥሩ። የ2 ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ አናቱ ተቆርጦ ተገልብጦ ይሰካበት። ታችኛው ጎርባጣ ክፍል በጠጠርና በውኃ ቀጥ እስካለው ጎን ድረስ ይሞላ፤ ዜሮ መስመሩ እዚያ ነው። ከዛፍና ከቤት ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ይነበብና ውኃው ወደ ዜሮው ይመለስ። ስንጥቁ ከዝናቡ ጋር አብሮ ከከፈተና በበጋ ካልተዘጋ መሬቱ እየሄደ ነው። በበጋ ከፍቶ በክረምት ከተዘጋ አፈሩ ነው።

እስከዚያው የጣራውን ውኃ በአሸንዳ ሰብስባችሁ በተገነባ ቦይ ከግቢው አውጡ። የግቢውን ስንጥቅ በሸክላ አፈር ጠቅጥቃችሁ ድፈኑ፤ ውኃ እንዲገባበት ክፍት አይተው። ቤት ለማስፋት ብላችሁ የተዳፋቱን ግርጌ አትቁረጡ፤ ላይኛውን ደግፎ የያዘው እሱ ነው። ዛፍ መትከል የላይኛውን 1 ወይም 2 ሜትር አፈር ይይዛል፤ ከዚያ ጠልቆ የሚሄደውን መንሸራተት ግን አያቆመውም።

ስንጥቁ በቀን በቀን ሲሰፋ፣ በርና መስኮት ሲጣበቅ፣ ምንጭ ባልነበረበት ውኃ ሲፈልቅ ወይም የነበረው ምንጭ ሲደፈርስ፣ የመብራት እንጨት ሲያዘነብል መለካቱን ተዉት። ያን ሌሊት ሌላ ቦታ እደሩ፣ ለቀበሌው ወዲያው ንገሩ፣ የልጆቹንም መዝገብ አሳዩ። ቀንና ቁጥር ያለበት መዝገብ ለሚመጣው መሐንዲስ ከብዙ ገለጻ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ መሬት ሲንቀጠቀጥ ስብስባችን ምን ማድረግ ይችላል? መቼ እንደሚመጣስ አስቀድሞ ይታወቃል? (ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ቀንና ሰዓቱን አስቀድሞ የሚናገር ሙያ የለም፤ «ነገ ይመጣል» የሚል መልእክት ሲዞር አታስተላልፉ። የሚታወቀው ቦታው ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም መጨረሻ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ካራ ቆሬን ከባድ መንቀጥቀጥ መታት፤ በአቅራቢያዋ ያለችው የመጀቴ ከተማ ፈረሰች። ኮምቦልቻና ደሴም በዚሁ የስምጥ ጠርዝ ላይ ናቸው።

የናንተ ድርሻ የተሰማውን በትክክል መመዝገብ ነው። እያንዳንዱ አባል ከሌላው ጋር ሳይነጋገር በ1 ሰዓት ውስጥ ይጻፍ፦ ሰዓቱን እስከ ደቂቃ፣ የነበረበትን ሰፈርና ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደነበር፣ ተኝቶ፣ ተቀምጦ ወይም እየሄደ እንደነበር፣ የተንጠለጠለ አምፖል መወዛወዙን፣ የሸክላ ዕቃ መንኳኳቱን ወይም መውደቁን፣ የተኛ ሰው መንቃቱን፣ ግድግዳ መሰንጠቁን። ያልተሰማውም «አልተሰማኝም» ብሎ ይጻፍ፤ መንቀጥቀጡ የት ድረስ እንደደረሰ የሚታወቀው ባልተሰማበት ቦታ ነው። መዝጋቢው ሰብስቦ በካርታ ላይ ያስፍርና አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ይላክ። ሰዓት ሲጻፍ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14» እንደማለት ተደርጎ ይገለጽ፤ «8፡14» ብቻ ከተባለ አንባቢው የቀን ይሁን የሌሊት፣ የኛ አቆጣጠር ይሁን የፈረንጅ አያውቅም።